የጎመን ምንቸት ለምን ይውጣ?

ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናነሣው ያሰብነው ነገር ብዙ ሰው ከቁም ነገር የማይቈጥረው፣ ነገር ግን ከእያንዳንዳችን ገበታ የማይለይ ነው፤ ይኸውም ክረምቱ በየጓሮአችንና በየገበያችን የሚያቀርብልን ትኩስ ምግብ፣ ጎመኑ፣ የበቆሎው እሸት፣ ድንቹና ቃሪያው ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ያለውን ጊዜ ዘመነ ክረምት ብላ ትጠራዋለች። በዚህ ዘመን የሚዜመውና የሚነበበው የዘርንና የዝናምን፣ የደመናንና የምንጭን ነገር የሚያነሣ ነው። በነሐሴ ወር ከሚገኙት የዘመኑ ክፍሎች አንዱ ዕጓለ ቋዓት፣ ሌላውም ዐይነ ኵሉ ይባላል፤ የቍራ ጫጩቶችና የሁሉ ዐይን ማለት ነው። በልጅነታችን ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠን ይህን ስንማር፣ የፍጥረት ሁሉ ዐይን ምግቡን በየጊዜው የሚሰጠውን አምላክ ተስፋ እንደሚያደርግ ተነግሮን ነበር። «በየጊዜው» የምትለውን ቃል ግን ያን ጊዜ በደንብ አላስተዋልናትም። እያንዳንዱ ወር የራሱ ምግብ እንዳለው፣ ይህንንም በምስጋና መቀበል እንደሚገባ በትክክል የተረዳነው ጐልማሳ ከሆንን በኋላ ነው፤ የተረዳነውም በትምህርት ሳይሆን በራሳችን ጥፋት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዛሬ ዐሥር ዓመት በፊት በባሕር ዳር ከተማ በመምህርነት ተመድበን በምንኖርበት ጊዜ፣ ጾመ ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን ወላጅ እናታችን ከሜጫ ሊጠይቁን መጡ። ከመኪና ሲወርዱ በአንድ እጃቸው ዘንቢል፣ በሌላው ከረጢት ይዘው ነበር። በዘንቢሉ ውስጥ የጧት ጠል ያልተለየው ጎመን፣ በከረጢቱም ውስጥ የጓሮ በቆሎ እሸት ከነቅጠሉ ነበረ። በዝናምና በጭቃ ያን ሁሉ ተሸክመው የመጡት የልጃቸው ቤት የክረምቱን በረከት ሳይቀምስ እንዳይቀር ብለው ነው።

በዚያው ቀን ግን ከሥራ ባልደረቦቻችን አንዱን፣ በከተማ ያደገና ደኅና የተማረ ሰው፣ ከቅዳሴ በኋላ ቤታችን መጥቶ አብሮን እህል እንዲቀምስ ጠርተነው ነበር። ጎመኑን ባየን ጊዜ ደስ ከመሰኘት ይልቅ አፈርን። ባለቤታችንን ለብቻዋ ጠርተን፣ «ይህንስ ለእንግዳ ማቅረብ አይሆንም፤ ሌላ ነገር ይፈለግ» አልናት። እርስዋም ፊታችንን አይታ ከሱቅ በዱቤ ማካሮኒና በጣሳ የታሸገ የቲማቲም ድልህ አስመጣች። ጎመኑና በቆሎው ከማድ ቤቱ በር ኋላ ተደበቀ። እንግዳው መጣ፤ በላ፤ አመስግኖ ሄደ። ስለ ምግቡ ክፉም በጎም አልተናገረም። እናታችን ግን፣ «እኔ ማካሮኒ አልለመድሁም» ብለው ከማድ ቤት ተቀምጠው፣ ካመጡት እሸት አንዱን በፍም ጠብሰው ብቻቸውን በሉ። የጥብሱ ሽታ እኛ እስካለንበት ክፍል ድረስ ይመጣ ነበር። እኛም ከእንግዳው ጋር ስለ ትምህርት ጉዳይ እየተነጋገርን እንዳልሸተተን ሆንን።

እናታችን ፍልሰታን እስኪፈቱ ሊቀመጡ መጥተው በማግሥቱ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ቅር ብሎኛል አላሉም። በዓመቱ ጾሙ ሲገባ እንደ ልማዳቸው መጡ፤ እጃቸው ግን ባዶ ነበረ። እኛም ሳንጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ዘንድሮ ጎመኑም በቆሎውም አምሮ ነበር፤ ነገር ግን ቤትህ የእንግዳ ቤት ነው፣ አሳፍርሃለሁ ብዬ ተውሁት» አሉን። በድምፃቸው ቍጣ አልነበረበትም። ቍጣ ቢኖርበት ይሻለን ነበር።

በልጅነታችን አኵፋዳ ይዘን በየደጁ ስንለምን፣ በክረምት ከቍራሽ እንጀራ ጋር ከሚሰጠን ወጥ አብዛኛው ጎመን ነበር። ያን ጎመን በልተን ፊደል ቈጠርን፤ ዳዊት ደገምን፤ ዲቁና ተቀበልን። የኋላ ኋላም በዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብተን መምህር ለመባል በቃን። እንግዲህ ያሳፈረን ያሳደገን ምግብ ነው፤ ያሳፈሩንም ያሳደጉን እናት ናቸው። ይህን ባሰብን ጊዜ ራሳችን ዘንቢል አንሥተን ገበያ ሄድን። ጎመንና እሸት ገዝተን ከእናታችን ፊት አስቀመጥንና፣ «እማማ፣ ይቅር ይበሉን፤ ዛሬ የምንበላው እጅዎ የሠራውን ጎመን ነው» አልናቸው። እርሳቸውም ቅጠሉን አገላብጠው አይተው፣ «ይኸስ ከተቀነጠሰ ሁለት ቀን አልፎታል» ብለው ሣቁ። ሲሥቁ ይቅርታ እንዳገኘን ዐወቅን።

ከዚያ ወዲህ፣ ጎመን የሚያሳፍረን ስለ ምን ነው እያልን ብዙ ጊዜ አስበናል። በአገራችን መስከረም ሲጠባ፣ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይባላል። የአባባሉም ምክንያት ግልጽ ነው። በክረምት ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራው እየጐደለ ይሄዳል፤ አዲሱም ገና ከማሳ ላይ ነው። በዚህ መካከል ባለው ጊዜ ብዙውን የገጠር ቤተ ሰብ የሚያሻግረው ከጓሮ የሚቀነጠሰው ጎመን ነው። ስለዚህ ጎመን የችግር ወራት ምልክት ሆኖ ተቈጠረ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ችግሩን ያሻገረንን ምግብ ከችግሩ ጋር አንድ አድርገን ጠላነው ማለት ነው። ይህም ወንዝ ተሻግሮ ድልድዩን እንደ መስደብ ያለ ነው።

ይኸው ሕዝባችን ግን «ጎመን በጤና» የሚል ሌላ ተረት አለው። ደግሞም በዚያው በመስከረም ወር፣ የመስቀል በዓል ሲከበር፣ በጕራጌ አገር ጎመን ከምንቸት ጋር አይወጣም፤ ይልቁንም በደንብ ተከትፎና በቅቤ ተለውሶ፣ ከአይብ ጋር ሆኖ ከክትፎው አጠገብ በክብር ይቀርባል። አንዱ ወገን የሚያስወጣውን ሌላው ወገን በበዓል ማዕድ ላይ ያስቀምጠዋል። ነውሩ ከቅጠሉ ሳይሆን ከእኛ አስተያየት መሆኑን ይህ ያስረዳል።

የሐበሻ ጎመን የምንለው፣ የዕፅዋት ሊቃውንት ብራሲካ ካሪናታ ብለው የሚጠሩት ተክል፣ ከጥንት ጀምሮ በደጋማው አገራችን ሲለማ የኖረ ነው። ቅጠሉ ለወጥ፣ ዘሩም ተፈጭቶ ለምጣድ ማሰሻ ያገለግላል። እንጀራው ከምጣዱ ሳይጣበቅ የሚነሣው በዚህ በጎመን ዘር ነውና፣ ጎመኑን የናቀ ሰው እንጀራውን ሲቈርስ ያስታውሰው።

ይህን ስንል ግን ከውጭ የመጣ ሁሉ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። ዛሬ የአገራችን የምንለው በቆሎ ከአሜሪካ ምድር የተገኘ፣ ከ1492 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) በኋላ ወደ ሌላው ዓለም የተሠራጨ እህል ነው። በአንዳንድ አገር የባሕር ማሽላ መባሉም ከባሕር ማዶ መምጣቱን ያስታውሳል። ድንችም ቃሪያም መነሻቸው ያው የአሜሪካ ምድር ነው። እነዚህ ሁሉ በእኛ አፈር በቅለው፣ በእኛ ዝናም ረክተው የአገር ልጅ ሆነዋል። ስለዚህ ማካሮኒን ባዕድ ነው ብለን አንከሰውም፤ የተከሰስነው እኛ ነን። ጥፋታችንም በጊዜው የመጣልንን ትኩስ ምግብ ደብቀን ያለ ጊዜው በዱቤ የተገዛውን ማስቀደማችን ነው።

አሁን ወደ ማድ ቤቱ እንግባ። ከዚህ በታች የምንጽፈው ከእናታችንና ከባለቤታችን ያየነው፣ በትምህርት ቤትም ስለ ምግብ ጠባይ ካስተማርነው ጋር አስተያይተን ያገኘነው ነው።

መጀመሪያ ስለ ጎመን። ለጋውን ቅጠል መምረጥ ይገባል። በክረምት ጭቃና ተሐዋስያን ስለሚበዙ ሳይከተፍ በፊት ቅጠል በቅጠል በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል፤ ከተከተፈ በኋላ ማጠብ ግን ከቆሻሻው ይልቅ ጥቅሙን ያጥባል። በከተማ የምንኖር ሰዎች ጎመኑ የበቀለበትን ቦታ ብንጠይቅ መልካም ነው፤ የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ በሚወርድበት ወንዝ ዳር የበቀለው በማጠብ ብቻ አይጠራምና። ሽንኩርቱ በጥቂት ዘይት ከበሰለ በኋላ ነጭ ሽንኩርትና የተከተፈው ጎመን ይጨመርበታል፤ ከዚያም በጥቂት ውሃ ተከድኖ በመጠነኛ እሳት ይበስላል። በብዙ ውሃ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ቪታሚን ሲ የተባለው ንጥረ ነገር በውሃ የሚሟሟ፣ በእሳትም ብዛት የሚጠፋ ስለ ሆነ፣ ከሚደፋው ውሃ ጋር አብሮ ይደፋል። ዘይቱ ጥቂት ቢሆንም ፈጽሞ አይቅር፤ ጎመን ውስጥ ያለውን የቪታሚን ኤ ምንጭ ሰውነታችን በሚገባ የሚቀበለው ከቅባት ጋር ሲሆን ነው። የተሰነጠቀ ቃሪያ ከእሳት ሊወርድ ሲል ይጨመራል፤ በገበታም ላይ ሎሚ ቢጨመቅበት በቅጠሉ ውስጥ ያለው ብረት በይበልጥ ከደም ጋር እንዲዋሐድ ይረዳል። እናቶቻችን ሎሚና ቃሪያ ሲጨምሩ የቪታሚንን ስም አያውቁም ነበር፤ ሥራውን ግን ሠርተውታል።

ሁለተኛ ስለ በቆሎ እሸት። እሸት ከአገዳው ከተቈረጠበት ሰዓት ጀምሮ ጣፋጭነቱ ወደ ስታርችነት እየተለወጠ ይሄዳል፤ ስለዚህ በተቈረጠበት ቀን የበላው ሰውና በሦስተኛው ቀን የበላው ሰው አንድ ምግብ በሉ አይባልም። ለመቀቀል የውስጠኛውን ስስ ቅጠል ሳይገፉ ከነልብሱ ማብሰል፣ ለመጥበስም ነበልባሉ እስኪወርድ መታገሥና በፍም ላይ ማገላበጥ ነው። በቆሎ ብቻውን ግን ለልጅ ዕድገት ሙሉ ምግብ አይደለም፤ በፕሮቲን በኩል የሚጐድለው አለ። ጉድለቱንም ባቄላና ሽምብራን የመሰሉ ጥራጥሬዎች ይሞሉለታል። እሸቱን ፈልፍሎ ከተነከረ ሽምብራ ወይም ባቄላ ጋር ንፍሮ ማድረግ ጥንትም የነበረ ነው፤ ጥቂት ጨው ብቻ ይበቃዋል።

ሦስተኛ ስለ ድንች። ከነልጣጩ ታጥቦ ቢቀቀልና ልጣጩ በኋላ ቢነሣ ጣዕሙም ጥቅሙም ይጠበቃል። ትኩሱን ድንች ከአዋዜ ወይም በጨውና በሽንኩርት ከተዘጋጀ ስንግ ቃሪያ ጋር ማቅረብ ለአንድ ቤተ ሰብ በቂ ራት ነው። ድንች በጨለማ ቦታ ይቀመጥ፤ ብርሃን መትቶት አረንጓዴ የሆነውና የመረረው ክፍል መርዝነት ስላለው ተቈርጦ ይጣል።

አንባቢዎቻችን፣ ይህ ሁሉ ቀላል ምግብ መሆኑን ታያላችሁ። ቀላልነቱ ግን ትልቅ ጥቅም አለው። ጾመ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ቀን እስከ 15 ቀን የሚጾም፣ ሕፃናት ሳይቀሩ የሚሳተፉበት ጾም ነው። ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ሲያልቅ፣ አባወራውና ልጆቹ ተጣጥበው ነጠላቸውን ለብሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ እማወራዋ ግን ብዙ ጊዜ ከምድጃ ዳር ውላ ትገኛለች። ዐምስት ዐይነት ወጥና የጾም ኬክ ካልተሰናዳ ጾሙ የተዋረደ የሚመስለን ሰዎች አለን። እንዲህ ሲሆን ጾሙ ለአንዱ ጸሎት፣ ለሌላይቱ የሥራ ቀንበር ይሆናል። በቤታችን ከዚያ ክረምት ወዲህ በፍልሰታ ሁለት ዐይነት ምግብ ብቻ እንዲሠራ ተስማምተናል፤ አንዱ ጎመን፣ ሌላው እንደ ቀኑ ንፍሮ ወይም ድንች። ጎመኑን ማጠብና መቀንጠስ የእኛና የልጆቹ ሥራ ሆኗል። ባለቤታችንም ኪዳኑንና ቅዳሴውን ከእኛ ጋር ታደርሳለች። ይህን ለውጥ ያመጣው የአንድ ድስት መቀነስ ብቻ ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። ጾም ማለት የሥጋውን ወጪ ወደ ሌላ ውድ ምግብ ማዛወር እንዳልሆነ፣ ከማዕዳችን የተረፈው ለተቸገረ እንዲደርስ አባቶቻችን ያስተምራሉ። ክረምት ከላይ እንዳልነው ጎተራ የሚጐድልበት ጊዜ ነውና፣ በጎረቤታችን ቤት ድስት ሳይጣድ የሚያድርበት ቀን እንዳለ አንርሳ። በቀላል ማዕድ ያተረፍነው ገንዘብ ወደ ሱቅ ተመልሶ ከሚሄድ ይልቅ ወደዚያ ቤት ቢሄድ ይሻላል።

ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በዚህ ወራት ለልጆቻችሁም አንድ ሥራ ስጡአቸው። ጓሮ ያለው ቤት አንድ መደብ ያሰናዳ፤ በኮንዶሚኒየም የሚኖርም በአሮጌ ባልዲ ወይም በጣሳ ከታች ቀዳዳ አበጅቶ አፈርና ፍግ ይሙላበት። ጎመን ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የታችኛው ቅጠሉ ይደርሳል፤ ከታች እየቀነጠሱ ሲበሉለት ከላይ ይተካል። ልጅ በእጁ ዘርቶ ያበቀለውን ምግብ አይንቅም። እኛም በልጅነታችን ይህን ሥራ ሠርተን ሳለ የረሳነው፣ ከተማ ገብተን አፈሩ ከእጃችን ስለ ለቀቀ ይመስለናል።

እናታችን ዛሬ አርጅተዋል፤ የክረምቱ መንገድ ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ሜጫ የምንሄደው እኛ ነን፤ ስንመለስም ዘንቢሉን ሞልተው ይሰጡናል። እንግዳ ሲመጣብን ዘንቢሉን ከበሩ ኋላ አንደብቀውም። ጎመኑን አቅርበን፣ «ይህ ከእናታችን ጓሮ የመጣ ነው» እንላለን። እስካሁን ፊቱን ያዞረ እንግዳ አላጋጠመንም፤ ቢያጋጥመንም የእርሱ ነገር ነው።

እንግዲህ መጪው መስከረም ሲጠባ የገንፎው ምንቸት ይግባ፤ እሰየው። የጎመኑም ምንቸት ታጥቦ ከቦታው ይቀመጥ እንጂ አይውጣ። የክረምቱን ማዕድ በምስጋና የምንቀበልበት ልብ ይስጠን፤ ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም ያሸጋግረን።